ግሌኒስ ወንበሯን ያዋሰችኝ ሳምንት

ግሌኒስ ትሬዛይስን የማያውቅ የትንሿ ወደባችን የዋላሩ ሰው ካለ ትናንት ከትልቁ ከተማ ከአደሌድ የመጣ መሆን አለበት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። የዛሬው ሥጋ ሻጭ፣ የዛሬው ፖሊስ፣ ባንክ ውስጥ ከረባት አስሮ የሚኮፈሰው ጎረምሳ፣ ሁሉም በእሷ አውቶቡስ ነው ያደጉት። ጮኻ አታውቅም። ከኋላ ወንበር አንዱ ሲያስቸግር አውቶቡሱን መንገድ ዳር ታቆምና በመስታወቱ ዝም ብላ ታየዋለች። ልጁ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ጎማው አይንቀሳቀስም። አንድ ቀን የርእሰ መምህሩ ልጅ እምቢ ብሎ፣ ግማሹ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠው። አባትየው ሊቆጣት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። እሱንም በመስታወቱ አየችው። ይቅርታ ጠይቆ ገባ።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ኮሊን እባላለሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ እዚሁ ወደብ ላይ ስንዴ ለመርከብ ስጭን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከግሌኒስ በቀር የሚሰድበኝ ሰው የለኝም፤ ስለዚህ ውሎዬ እሷ ቤት ነው።

በሽታ የያዛት አውቶቡሱን ገና ሳትለቅ ነው። ነርቭ የሚበላ ነገር ነው አሉ። መጀመሪያ እግሯን አደከመው፣ ከዚያ መሪ የሚይዘውን እጇን፣ በመጨረሻ ዊልቸር ላይ አስቀመጣት። አፏን ግን አልነካም። እኔ በሽታውን የምወቅሰው በስንፍናው ነው፤ ሥራውን ሳይጨርስ ነው የተወው።

እኛ አገር እንዲህ ለሆነ ሰው የመንግሥት የአካል ጉዳት መድን አለ። መድኑ ገንዘቡን ይመድባል፤ ያንን ገንዘብ ወደ ረዳት፣ ወደ ደጃፍ መወጣጫ፣ ወደ ሐኪም የሚለውጥልህ ግን የድጋፍ አስተባባሪ የሚባል ሰው ነው። የግሌኒስ አስተባባሪ ጠዋት ጠዋት ረዳቶች የሚልክላት ድርጅት ተቀጣሪ ነበር። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ረዳቶቹ እንዳሻቸው ይመጣሉ፤ አንዳንዴም ግሌኒስ ፒጃማዋን እንደለበሰች ምሳ ሰዓት ይደርሳል። አቤት ብትል አቤቱታው የሚሄደው ለአስተባባሪው ነው፤ እሱም «አጣራለሁ» ይልና የራሱን መሥሪያ ቤት አጣርቶ ነጻ ያወጣል።

ይህም ይሁን ብለን ነበር። ከዚያ ድርጅቱ አደሌድ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የጋራ መኖሪያ ሠራ፤ አንዱ ክፍል ደግሞ ሰው አላገኘም። አስተባባሪው የቤቱን ፎቶ ይዞ መጣ። እኔ ሻይ ላፈላ ቆሜያለሁ፣ ግሌኒስ ከፊቱ ተቀምጣለች። ሰውዬው ግን ከእሷ አናት በላይ እኔን እያየ «ኮሊን፣ ወደ አትክልቱ የሚያየው ክፍል ይሻላታል ወይስ ወደ መንገዱ?» አለኝ።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።

«እሺ፣ እሺ። እራት ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሰዓት የጠበቀ ምግብ ይስማማታል።»

ግሌኒስ ፎቶውን ተቀበለችው፣ አገላብጣ አየችው፣ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችበት። «ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት የሚበላው ዶሮ ነው» አለች። በማግስቱም ስልክ ደውላ አሰናበተችው። የራስህን አስተባባሪ መምረጥም ማሰናበትም መብት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀውም ይፈራል።

ችግሩ ጊዜ አልነበራትም። በቀጣዩ ወር ከመድኑ መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ «ብቻዋን መኖር ትችላለች ወይስ አትችልም» የሚለውን ሊወስን ነው። ድርጅቱ ደግሞ አትችልም ብሎ ጽፎ ልኳል። «ያን ቀን አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው የማይረባ ከሆነ» አለችኝ ግሌኒስ፣ «ይሄን ቤትም ባሕሩንም ደህና ሁኑ ማለቴ ነው።» ስትናገር አልሳቀችም።

ሦስት አስተባባሪዎች ፈልጋ አገኘች። እንዴት እንደምትመርጥ ስትነግረኝ ግን የጠጣሁት ሻይ በአፍንጫዬ ሊወጣ ነበር።

«አንተ ወንበሬ ላይ ትቀመጣለህ» አለችኝ።

«የትኛው ወንበር?»

«ጎማ ያለው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በሽታው ጭንቅላት ላይ ወጣ እንዴ?»

«ስማኝ ኮሊን። ሰው ሥራ ሲፈልግ ለሚቀጥረው ሰው ጥርሱን ያሳያል። እኔ ማየት የምፈልገው ጥርሳቸውን አይደለም። ዊልቸር ላይ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያዩት ከጎን ሆኜ ማየት ነው የምፈልገው። መስታወት ቢኖረኝ በመስታወት አየው ነበር። አሁን ያለኸኝ አንተ ነህ።»

«ይሄ ማጭበርበር አይደለም?»

«ማን ምን አለ? አንተ ወንበር ላይ ተቀመጥክ፣ እኔም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበር ላይ መቀመጥ በየትኛው ሕግ ነው የሚያስከስሰው?»

ሦስቱንም ስትጠራቸው «ትሬዛይስ ቤት ኑ» ከማለት በቀር ሌላ ትንፍሽ አላለችም። ክንዷን ደገፍ አድርጌላት ወደ ኩሽና ወንበር ተሻገረች፤ እኔ የሷ ዊልቸር ላይ ተሰየምኩ። እሷ አጭር ናት፣ እኔ ረጅም ነኝ። ጉልበቴ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። ብርድ ልብስ ጣል አደረገችብኝ። «ከጠየቁህ መልስ። የኔን ኑሮ ታውቀው የለም? እሱን ንገራቸው። ካልጠየቁህ ግን ዝም በል። ዝም ማለት ምን እንደሚመስል ትቀምሰዋለህ።»

መጀመሪያ የመጣችው ፊሊሲቲ የምትባል ሽቶዋ ቀድሟት የገባ ሴት ናት። የድርጅቷ ስም የታተመበት ከረጢት ይዛለች፤ ውስጡ እስክሪብቶ፣ የውሃ መጠጫ፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ምን ምን አለ። ከረጢቱን ለግሌኒስ ሰጠች። እኔን አለፍ ብላ ግሌኒስ ፊት ተቀመጠች።

«ብቻውን ይመገባል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ይመገባል» አለች ግሌኒስ። «ያስቸገረን ማስቆሙ ነው።»

«ሲያወሩት ይገባዋል?»

«ሲፈልግ።»

«ሽንት ቤትስ?»

እኔ እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ። ማንም አላየኝም። በእርጅና ዘመኔ ስለ ሽንቴ ሁለት ሴቶች በአናቴ ላይ ሲነጋገሩ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ግሌኒስ ከንፈሯን ነክሳ «እሱን እንኳ ጎበዝ ነው» አለች።

ከዚያ ፊሊሲቲ እጇን ዘርግታ የግሌኒስን እጅ ያዘችና «እርስዎስ? መቼም ቀላል አይደለም። ለራስዎ ጊዜ ያገኛሉ? ምን ያስደስትዎታል?» አለቻት። ግሌኒስ ስለ ባሕሩ ነገረቻት፣ ስለ አውቶቡሱ ነገረቻት፣ ሴትዮዋም ዓይን ዓይኗን እያየች አዳመጠች። በመጨረሻ ግሌኒስ «የሚልኩልን ረዳት ባይስማማንና ከሌላ ቦታ ብንወስድስ?» ስትላት «ምን አደከማችሁ! ሁሉም እኛ ጋ አለ» ብላ ሳቀች።

በሩ ሲዘጋ እኔ በቁጣ ልፈነዳ ነበር። «ሰማሻት? ‹ሲያወሩት ይገባዋል› አለችኝ! እኔን!»

ግሌኒስ ከረጢቱን ጭኗ ላይ ይዛ ቆየች። «ኮሊን» አለችኝ፣ «ሰው እንዲህ ዓይኔን እያየ ምን ትወጃለሽ ብሎ ከጠየቀኝ ስንት ጊዜው ነው?» ከዚያ ሳቀች። ሳቁ ጥሩ አልነበረም። እኔም ቁጣዬ ወዴት እንደገባ አላውቅም፤ አፈርኩ። እኔ ለጥቂት ደቂቃ የቀመስኩትን እሷ ስትበላው ነው የኖረችው።

በማግስቱ ትሮይ መጣ። ትሮይን ለመግለጽ ትዕግሥት ያንሰኛል። በሩን እንደገባ ፊቴ ተንበረከከና፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ፣ «እንዴት ነዎት አባባ! ዛሬ እንዴት ነን! ጎበዝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጉልበቴን መታ መታ አደረገው። እኔ «ደህና» አልኩ። «ጎበዝ! ተናገሩ እኮ!» ብሎ ለግሌኒስ አበሰራት። ከዚያ ከኪሱ ለስላሳ የጎማ ኳስ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ይጨብጡት! ጠበቅ! ጎበዝ!» ጨበጥኩት። አንገቱ ነው ብዬ ነው የጨበጥኩት።

ግሌኒስ ትሮይን አንድ ነገር ብቻ ነበር ልትፈትነው የፈለገችው፣ ግን ደስ ስላላት ቀጠለችበት።

«ጀልባ ላይ መውጣት ይፈልጋል።»

«ይቻላል!»

«ጠዋት ሲቀሰቀስ የሚዘፍንለት ረዳት ይፈልጋል።»

«ይቻላል! ምን ዓይነት ዘፈን?»

«ራቁቱን መዋኘት ይወዳል። ሰው በተሰበሰበበት።»

«ይቻ… እሱም ይታሰብበታል፣ ችግር የለውም!»

«ቤቱ ይቆያል ወይስ አደሌድ ይወስዱታል? እሱንስ ቃል ይገቡልናል?»

«መቶ በመቶ!» አለ ትሮይ፣ ሳያስብ፣ ጫማውን እያሰረ።

«ሁሉንም እሺ የሚል ሰው ምንም አልሰማም ማለት ነው» አለች ግሌኒስ ሲወጣ። እኔ ኳሱን ወደ በሩ ወረወርኩት። በሩን አልሰበረውም፣ አሳዘነኝ።

ሦስተኛዋ ዴስፒና ካላፋቲስ ትባላለች። የሌላዋ ወደብ የፖርት ፒሪ ሴት ናት፤ ወንድሞቿ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አንድ የፊት መብራቱ በፕላስተር የተለጠፈ ፒክአፕ አቁማ፣ በሩ ላይ ቆማ «ጫማዬ ዓሣ ይሸታል፣ ላውልቀው?» አለች። ግሌኒስ ግቢ አለቻት። ለሁሉም እንግዳ እንደምታደርገው ፓስቲ አቀረበችላት፤ በዚህ ቤት ሥጋና ድንቹ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረው ፓስቲ ሳይቀመስ ወሬ አይጀመርም። ፊሊሲቲ በሹካ ቆርሳ ትታው ነበር፤ ትሮይ ሥጋ አልበላም ብሎ ነበር። ዴስፒና በእጇ አንስታ ከጫፉ ገመጠችው።

ወንበር ስባ እኔ ፊት ተቀመጠች። ጉልበቶቼን አየቻቸው።

«ስምህ ማነው?»

«ኮሊን።»

«ኮሊን፣ ነገ ጠዋት ያንተ ቢሆን፣ ማንም ሰዓት የማይወስንልህ ቢሆን፣ ምን ታደርግ ነበር?»

የተባልኩትን አስታወስኩ፤ የግሌኒስን ኑሮ ነው የምናገረው። «በጠዋት ባሕሩ ሲሞላ ወደ ባሕሩ የሚዘልቀው የወደቡ ድልድይ ጫፍ ድረስ እሄድና ለሸርጣን መረብ እጥላለሁ» አልኩ። «ግን ረዳቶቹ ምሳ ሰዓት ነው የሚመጡት። ሸርጣኑ አይጠብቅም።»

«ከማን ጋር ትሄዳለህ?»

ይህን ጥያቄ አላጠናሁትም። «ከዚች ጋር» አልኩ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ሞክሬ ነበር። ብቻ ሆኖ መረብ መጣል ደስ አይልም። ይቺ ትሰድበኛለች፣ እኔ እጎትታለሁ። አሁን አደሌድ ሊወስዷት… እሷ ከሄደች እኔ…» አንድ ሽማግሌ በሰው ዊልቸር ላይ፣ በሰው ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ለማያውቃት ሴት ሆዱን ሲዘረግፍ ማየት ምን ያህል ያሳፍራል! ዴስፒና ግን አልቸኮለችም። ማኘኩን ትታ ትጠብቀኛለች።

ግሌኒስ ጠረጴዛውን መታችው። «በቃ! ጥያቄው የኔ ነው! ለዚህ ሽማግሌ ላባክነው አይደለም ሦስት ቀን የለፋሁት። ተነስ ከወንበሬ!»

ተነሳሁ። ብርድ ልብሱ ወደቀ። ዴስፒና ቀና ብላ አየችኝ፣ የቀረውን ፓስቲ ጎረሰች።

«ተመስገን፣ ዳነ» አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ እንዲህ ቶሎ የተነሳልኝ የለም።»

«አውቀሽ ነው?» አልኳት።

«ጉልበትህ ጆሮህ ጋ ነበር እኮ። ይህን ወንበር ላንተ ለክቶ የሰጠ ባለሙያ ቢኖር ዛሬውኑ እከሰው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ወንበሩ ያንተ ባይሆንም መልሱ ያንተ ነበር» አለችና ወደ ግሌኒስ ዞረች። «አሁን ያንቺን ንገሪኝ።»

ግሌኒስ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ከዚያ ፈተናው ጠበቀ። ረዳት ትልካላችሁ? አንልክም። ቤት አላችሁ? የለንም፣ እኔና ያ ፒክአፕ ነን፣ የምሸጥልሽ ነገር የለኝም። ስልክ ታነሻለሽ? ሲሆን ወዲያው፤ ሳይሆን በዚያው ቀን መልሼ እደውላለሁ። ባትሆኚኝስ? ታሰናብቺኛለሽ፤ አላኮርፍም። ወይም አኮርፍና እሄዳለሁ።

«ቤቴ እቀራለሁ?»

«አላውቅም» አለች ዴስፒና። «እንዲህ ነው ብዬ ከነገርኩሽ ዋሸሁሽ። መታጠቢያ ቤቱን አይቶ የሚመሰክር ባለሙያ አመጣለሁ፣ በሰዓት የሚመጣ ረዳት እንፈልጋለን፣ ስትወድቂ የምትጫኚው ደወል እናስገባለን። ከዚያ በኋላ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።»

«ትላንት የመጣው መቶ በመቶ አለኝ።»

«ታዲያ እሱን ውሰጂዋ።»

ግሌኒስ አየቻት። የመስታወቱን አስተያየት ነው ያየቻት። ዴስፒና ዓይኗን አልሰበረችም፤ እንዲያውም ሁለተኛ ፓስቲ አነሳች። በዋላሩ ታሪክ ያንን ዓይን ችሎ ፓስቲ ያነሳ ሰው አላየሁም።

ያለችውን ሁሉ አደረገች። መታጠቢያ ቤቱን የሚለካው ባለሙያ መጣ፣ ለካ፣ መያዣ ብረት አስገጠመ። ደወሉም አንገቷ ላይ ገባ። ረዳት ሆና የተቀጠረችው ደግሞ በግሌኒስ አውቶቡስ ያደገች ልጅ ናት፤ ማርፈድ ምን እንደሚያስከትል ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

የውሳኔው ቀን ከመድኑ መሥሪያ ቤት የመጣችው ሴትዮ ክፉ ሰው አልነበረችም። ደክሟታል፣ መንገዱ ረጅም ነው። ጠረጴዛው ላይ የድሮው ድርጅት የጻፈውን ዘረጋች፣ መነጽሯን አደረገችና ዴስፒናን «ብቻዋን ማደሩ አያሰጋትም?» ብላ ጠየቀቻት።

ዴስፒና ስታወራ ፒክአፑ እንኳ ጸጥ ይላል። ያን ቀን ግን ፓስቲ አነሳችና ገመጠች። በመስኮቱ ባሕሩን እያየች ቀስ ብላ አኘከች።

ሴትዮዋ ጠበቀች። መልስ የለም። ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ጎረቤት ነዎት መሰለኝ። እንዴት ያዩታል?»

የምለው ባይኖረኝ እንኳ ልናገር ነበር፤ አፌ ተከፍቷል። በጠረጴዛው ሥር የዴስፒና ጫማ እግሬን ረገጠው። ዓሣ የሚሸተው ጫማ ነው። እኔም ፓስቲ አነሳሁ። ሁለታችን እንደ ሁለት ላም እያኘክን ተቀመጥን፤ ቤቱ ውስጥ ከጥርሳችን በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ። እንዲህ ጨንቆኝ አያውቅም። ሴትዮዋ ዓይኗን የምታሳርፍበት ሰው ስታጣ ቀስ ብላ ወደ መካከል ዞረች።

ግሌኒስ እዚያ ነበረች። አውቶቡሱን መንገድ ዳር አቁማ ትጠብቃለች።

«ይቅርታ» አለች ሴትዮዋ፤ አንገቷ ቀላ። «ይቅርታ አድርጊልኝ ግሌኒስ። ብቻሽን ማደሩ ያሰጋሻል?»

«ያሰጋኛል» አለች ግሌኒስ። «ወድቄም አውቃለሁ። መታጠቢያ ቤት ወድቄ ኮሊን እስኪመጣ ጣሪያውን ስቆጥር ቆይቻለሁ። አሁን ደወል አለኝ፣ መያዣ ብረት አለኝ፣ በሰዓት የምትመጣ ልጅ አለችኝ። አደሌድ ብትወስጂኝም እወድቃለሁ። እዚያ ስወድቅ ግን የሚያነሳኝ ሰው ስሜን ከግድግዳ ላይ አንብቦ ነው የሚጠራኝ። እዚህ የሚያነሳኝ እየሰደበኝ ነው። እኔ መርጫለሁ፤ መውደቄ ካልቀረ ቤቴ ልውደቅ።»

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?» አለቻት፣ እሷኑ እያየች። ነበራት። እስኪመሽ ነገረቻት። ሴትዮዋ ስትወጣ ፓስቲ በወረቀት ተጠቅልሎ በእጇ ነበር።

ግሌኒስ ቤቷ ቀረች። ውሳኔው በስልክ ሲነገራት አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሷም ለዚህ እስከ ዛሬ ትሰድበኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ጫፍ ነበርን። እኔ መረቡን እጥላለሁ፣ እሷ የት መጣል እንዳለብኝና ለምን እንደማልረባ ትነግረኛለች። ነፋሱ ከባሕር ይመጣል። አንዲት ጎብኚ፣ የሚያምር የሱፍ ስካርፍ የደረበች፣ አጠገባችን ቆመች። ግሌኒስን አየቻት፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አይበርዳትም?» አለችኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። የምጎርሰው ፓስቲ ደግሞ አልያዝኩም። ጀርባዬን ሰጥቻት ገመዱን መሳብ ጀመርኩ፤ ጫፉ ላይ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ፣ ግን ሳብኩ። ከዚያ ሴትዮዋ ጎንበስ ሳትል፣ ሳትጮህ፣ «ይበርድሻል?» ብላ ግሌኒስን ስትጠይቃት ሰማሁ።

«ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ» አለች ግሌኒስ። «አዎ፣ በጣም ይበርደኛል። ስካርፍሽ ደግሞ ያምራል።»

ሴትዮዋ ወደ መኪናዋ የተመለሰችው ያለ ስካርፍ ነው።